የአስታማሚ እጅና የአረጋውያን ጤና፦ የኢንፌክሽን መከላከል ከሆስፒታል ደጅ እስከ መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ ጓዳ

"የአረጋውያን መንከባከቢያ" ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በከተማ የሚገኝና በበጎ አድራጎት ድርጅት የሚተዳደር ግቢን ነው። አስተሳሰቡ ስሕተት ባይሆንም ጉዳዩን በሙሉ አይገልጸውም። በሰሜን ሸዋ ዞን በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ወረዳዎች አረጋውያን በአብዛኛው የሚጦሩት በልጃቸው፣ በምራታቸው፣ በልጅ ልጃቸው ወይም በቅርብ ጎረቤታቸው ቤት ነው። የአልጋ ቁራኛ የሆኑ እናት ከምድጃው አጠገብ ይተኛሉ። የምታጎርሳቸው፣ ገላቸውን የምታጥባቸውና ልብሳቸውን የምትለውጥላቸው ሴት ሥራውን የተማረችው ከእናቷ እንጂ ከጤና ትምህርት ቤት አይደለም። ያ ቤት በየትኛውም መዝገብ ላይ "የእንክብካቤ ተቋም" ተብሎ አልሰፈረም፤ የሚሠራበት ሥራ ግን ያው ነው።

የዚህ ጽሑፍ መነሻ ይኸው ነው። የጤና ተቋማት የኢንፌክሽን መከላከል መመሪያ፣ ጉዳዩን የሚከታተል ባለሙያና የሚፈትሽ አካል አላቸው። ሕመምተኛው ድኖ ወይም ተሽሎት ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን ደንቡ አብሮት አይሄድም። ከሆስፒታል የወጣ አረጋዊ ቁስሉን፣ የሽንት ቱቦውንና የደከመ አካሉን ይዞ ወደ መንደሩ ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጤናው በአስታማሚው እጅ ላይ የተመሠረተ ይሆናል። ይህ ክፍተት ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደሚያስከትልና ዜጎች ምን አገልግሎት ሊጠይቁ እንደሚገባ ከዚህ በታች ተብራርቷል።

ጉዳዩ አሁን ለምን ይነሣል?

ባለፉት ዓመታት የእጅ ንጽሕና በአገራችን በተደጋጋሚ የሕዝብ መነጋገሪያ ሆኗል፤ በተደጋጋሚም ተረስቷል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ሲገለጽ በየሱቁ፣ በየቢሮውና በየቤተ እምነቱ ደጃፍ ባለ ቧንቧ ጀሪካንና ሳሙና ተቀመጠ። በዚያው ወር መገባደጃ በበሽታው ሕይወታቸው ማለፉ የተገለጸው የመጀመሪያዋ ሟች የ60 ዓመት እናት ነበሩ። በዚያው ወቅት በዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ጽሕፈት ቤት እንዳስታወቀው በአውሮፓ አገሮች በበሽታው ከሞቱት ሰዎች እስከ ግማሽ የሚደርሱት በረጅም ጊዜ መንከባከቢያ ተቋማት ውስጥ የነበሩ ናቸው። የተሟላ ሕንፃ፣ የማያቋርጥ ውኃና የሠለጠነ ባለሙያ ያላቸው ተቋማት እንኳ ተንከባካቢዎች ከአንዱ አረጋዊ ወደ ሌላው ሲዘዋወሩ በሽታውን ማስቆም ተስኗቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በባሌ ዞን የጀመረው የኮሌራ ወረርሽኝ ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተዛምቶ ለረጅም ጊዜ ቆይቷል። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ደግሞ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በጂንካ ከተማ የማርበርግ ቫይረስ በሽታ መከሠቱ ተረጋገጠ፤ ከተያዙት መካከል ሕመምተኞችን ሲረዱ የነበሩ የጤና ባለሙያዎች ይገኙበታል። እነዚህ በሽታዎች በመተላለፊያ መንገዳቸውም ሆነ በአደገኛነታቸው የተለያዩ ናቸው። ሦስቱም ያስተማሩን ነገር ግን አንድ ነው፤ ሕመምተኛን የሚረዳ ሰው እጅ በሽታን ሊያስቆም ወይም ሊያስፋፋ ይችላል።

ችግሩ ወረርሽኙ ሲያልፍ ጀሪካኑም ከደጃፍ መነሣቱ ነው። የአልጋ ቁራኛ ለሆነ አረጋዊ ግን አደጋው ወቅት አይጠብቅም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ዘገባ መሠረት በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ሆስፒታል ከሚተኙ 100 ሕመምተኞች 15ቱ፣ በከፍተኛ ገቢ አገሮች ደግሞ 7ቱ በሕክምና ላይ ሳሉ ቢያንስ አንድ ተጨማሪ ኢንፌክሽን ይይዛቸዋል። የእጅ ንጽሕናና ሌሎች ዝቅተኛ ወጪ የሚጠይቁ የመከላከል ሥራዎች በአግባቡ ሲተገበሩ ከዚህ ውስጥ እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን ማስቀረት እንደሚቻል ይኸው ድርጅት ይገልጻል። ቁጥሮቹ የሆስፒታል ናቸው። በየቤቱ የሚደርሰውን የሚመዘግብ የለም፤ ይሁን እንጂ ተዋስያኑም እጁም ያው በመሆኑ ቤት ከዚህ ሥጋት ነፃ ነው ማለት አይቻልም።

አረጋውያን ቶሎ የሚጠቁት ለምንድን ነው?

ዕድሜ ሲገፋ ቆዳ ይሳሳል፤ በቀላሉ ይላጣል፤ የተላጠውም ለመዳን ጊዜ ይወስዳል። ሳል ስለሚደክም በሳንባ ውስጥ የተጠራቀመ አክታ በቀላሉ አይወጣም። የሰውነት በሽታ የመከላከል አቅም ይቀንሳል። የስኳር ሕመም፣ የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ችግር ሲጨመርበት በወጣት ላይ ቀላል የሚባል ተቅማጥ ወይም ጉንፋን በአረጋዊ ላይ ለሞት የሚያደርስ ሊሆን ይችላል።

ከዚህም በላይ ብዙ ቤተሰብ የማያውቀው ነገር አለ። በአረጋውያን ላይ ኢንፌክሽን ሁልጊዜ በትኩሳት አይገለጽም። ትላንት ሲጨዋወቱ የነበሩ አባት ዛሬ ሰው መለየት ቢያቅታቸው፣ ምግብ ቢጠሉ፣ ያለወትሯቸው ቢያንቀላፉ፣ ሲነሡ ቢወድቁ ወይም ሽንታቸውን መቆጣጠር ቢሳናቸው ምክንያቱ የሳንባ ምች ወይም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። "እርጅና ነው" ተብሎ የሚታለፈው ለውጥ አንዳንድ ጊዜ ሊድን የሚችል በሽታ ነው። እንዲህ ያለ ድንገተኛ ለውጥ የታየባቸውን አረጋዊ ትኩሳት እስኪመጣ ሳይጠብቁ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል።

የደጋው ኑሮ የሚያስከትለው ፈተና

በመንዝ ጌራ ምድር፣ በመንዝ ማማ ምድር፣ በመንዝ ላሎ ምድር፣ በመንዝ ቀያ ገብርኤልና በግሼ ያለው ከፍተኛ ቦታ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትርና ከዚያም የሚበልጥ ነው። የጓሳ ማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ የሚገኝበት አምባ ደግሞ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ "እጅዎን በተደጋጋሚ ይታጠቡ" የሚለው ምክር ከአዲስ አበባ ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ማለዳ ላይ ከምንጭ በተቀዳ በረዶ በመሰለ ውኃ እጇን መንከር ለሚጠበቅባት አስታማሚ ግን ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው ፈተና ማገዶ ነው። ዛፍ በተመናመነበት የመንዝ ደጋ የሚነደው በአብዛኛው ኩበት ነው። ኩበት የምትጠፈጥፈው፣ እሳት የምታነደው፣ እንጀራ የምትጋግረውና አረጋዊቱን የምታጎርሰው ያችው ሴት ናት። በብርዱ ምክንያት በጎችና ጥጆች ሌሊት ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ። በእንስሳት እዳሪ ውስጥ ያሉ ተቅማጥ አምጪ ተዋስያን ወደ አልጋው የሚደርሱት በአየር በርረው ሳይሆን በእጅ፣ በዕቃና በልብስ አማካይነት ነው።

ሦስተኛው የቤቱ መታፈን ነው። ብርድን ለመከላከል መስኮት ጠባብ ይደረጋል፤ አንዳንዴም ጨርሶ አይኖርም። ጭስና የታፈነ አየር የሳንባ በሽታን ያባብሳል፤ በቤቱ ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ ያለበት ሰው ቢኖር ደግሞ በሽታው በቀላሉ ይዛመታል። በብርድ ጊዜ ልብስ አዘውትሮ አለማጠብም ለቅማል፣ ቅማልም እንደ ተስቦና ግርሻ ላሉ ትኩሳት አምጪ በሽታዎች መንገድ ይከፍታል። በ2008 ዓ.ም. በድርቁ ወቅት በአማራ ክልል እከክ በወረርሽኝ መልክ መከሠቱ ይታወሳል። የውኃ እጥረት ባለበት ሥፍራ የቆዳ በሽታ ከሰው ወደ ሰው ለመተላለፍ ጊዜ እንደማይፈጅበት በዚያን ጊዜ በግልጽ ታይቷል።

በጀማና በወንጪት ወንዞች መካከል የሚገኘው መርሐቤቴ በአንጻሩ ቆላማና ወይና ደጋ ቦታዎችም አሉት። እዚያ ብርዱ ቢቀንስም የሸለቆው ጥልቀትና የመንገዱ አስቸጋሪነት ሕመምተኛን በጊዜ ወደ ሕክምና ማድረስን ከባድ ያደርገዋል። የዓለም ከተማው እናት ሆስፒታል፣ የመሐል ሜዳ ሆስፒታልና የደብረ ብርሃን አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአካባቢው ሕዝብ መድረሻዎች ናቸው። ከሩቅ ቀበሌ በቃሬዛ ተነሥቶ እነዚህ ዘንድ ለመድረስ የሚወስደው ጊዜ ግን መከላከል ከሕክምና የሚቀድምበትን ምክንያት ራሱ ያስረዳል። "ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ" የሚለው ብሂል ለእንዲህ ያለው አካባቢ ከምክርም በላይ ነው።

ልማዳችን ያቆየልን ጥንካሬና የተወው ክፍተት

የእጅ ንጽሕና ለኅብረተሰባችን ከውጭ የመጣ ትምህርት አይደለም። እንግዳ ማዕድ ከመቅረቡ በፊት ልጅ ኩስኩስትና ሳሕን ይዞ ጎንበስ ብሎ ያስታጥባል። ውኃው ከላይ ስለሚፈስ የአንዱ እጅ እድፍ ለሌላው አይደርስም፤ ይህ በሳይንስም ትክክለኛ የሆነ አሠራር ነው። በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ የጨረሰው የኅዳር በሽታ ትዝታም በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተጠራርጎ በሚቃጠልበት ልማድ እስከ ዛሬ ይታሰባል።

ክፍተቱ ልማዱ የታጠረበት ጊዜ ላይ ነው። የምንታጠበው በአብዛኛው ከምግብ በፊት ነው፤ ብዙ ጊዜም በውኃ ብቻና ቀኝ እጅን ብቻ ነው። የታመመ ሰው ከመንካት በፊትና ከነኩ በኋላ መታጠብ ግን በልማዳችን ውስጥ አልገባም። እንዲያውም አንዳንዱ "ከነካኝ በኋላ ታጠበ" ተብሎ ሕመምተኛው እንዳይከፋው ይሠጋል። ይህ ስሜት ሊናቅ አይገባውም። መፍትሔው ጉዳዩን አስቀድሞ ለአረጋዊው ማስረዳትና በፊታቸው መታጠብ ነው። ለእንግዳ የምናደርገውን ለወላጆቻችን ማድረግ ክብር እንጂ መጸየፍ አይደለም።

ሕመምተኛ መጠየቅም እንደዚሁ ነው። ጎረቤትና ዘመድ በብዛት መጥቶ መጠየቁ ለአረጋዊው መንፈስ ብርታት ነው፤ ብቸኝነት ራሱ ሕመም ነውና ሊቀር አይገባም። ነገር ግን ጉንፋን፣ ሳል ወይም ተቅማጥ ያለበት ሰው እስኪሻለው ቢቆይ፣ ሌላውም በደጃፍ ታጥቦ ቢገባና ፊትና እጅ ከመሳም ይልቅ እጅ ነሥቶ ሰላምታ ቢያቀርብ ፍቅሩ አይጎድልም።

አምስቱ የመታጠቢያ ጊዜያት በቤት ውስጥ

እ.ኤ.አ. በ1847 በቪየና ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ሐኪም ኢግናዝ ዜመልቫይስ ሬሳ ሲመረምሩ የቆዩ ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ውኃ ሳይታጠቡ ወደ ማዋለጃ ክፍል እንዳይገቡ አደረገ። ከመቶ አሥር ገደማ የነበረው የወላዶች ሞትም ወደ ሁለት ገደማ ወረደ። ዋናው ግኝቱ እጅ ሊቆሽሽ እንደሚችል ማሳየቱ አልነበረም፤ ወሳኙ ነገር ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው የሚሸጋገሩበት ቅጽበት መሆኑን ማሳየቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው መመሪያም ለጤና ባለሙያዎች አምስት የመታጠቢያ ጊዜያትን የሚያስቀምጠው በዚሁ መሠረት ነው። እነዚህ ጊዜያት ወደ ቤት ሲመጡ እንደሚከተለው ሊወሰዱ ይችላሉ።

1. አረጋዊውን ከመንካት በፊት፦ ከውጭ ሲገቡ፣ ኩበት ወይም ከብት ከነኩ በኋላ፣ አረጋዊውን ለማንሣት ወይም ለማገላበጥ ሲቀርቡ።

2. ንጹሕ ሥራ ከመሥራት በፊት፦ ከማጉረስ፣ መድኃኒት ከመስጠት፣ ቁስል ከመጥረግ፣ ዓይን ከማጽዳት ወይም የሽንት ቱቦን ከመነካካት በፊት። ጉርሻ ፍቅር ነው፤ ያልታጠበ እጅ ጉርሻ ግን በሽታ ሊሆን ይችላል።

3. የሰውነት ፈሳሽ ከነኩ በኋላ፦ ሰገራ፣ ሽንት፣ ትውከት፣ አክታ ወይም ደም የነካ ጨርቅ ካነሡ በኋላ ወዲያውኑ።

4. አረጋዊውን ከነኩ በኋላ፦ ወደ ምድጃው፣ ወደ ሕፃኑ ወይም ወደ ሌላ ሕመምተኛ ከመሄድ በፊት።

5. በአካባቢያቸው ያለውን ዕቃ ከነኩ በኋላ፦ አልጋው፣ ባናው፣ ምርኩዙ፣ ኩባያውና የሽንት መቀበያው ተዋስያን ሊኖሩባቸው ይችላሉ።

አስታማሚ በሥራ ብዛት አምስቱንም መፈጸም ካቃታት ከሁሉ በፊት መጠበቅ ያለባቸው ሁለት ናቸው፦ ከማጉረስ ወይም ቁስል ከመንካት በፊት እና ሰገራ ከነኩ በኋላ።

አስተጣጠብ፣ ሳሙናና ምትኮቹ

ሳሙና ተዋስያኑ የተጣበቁበትን ቅባት ከቆዳ ያላቅቃል፤ ውኃውም ይዟቸው ይሄዳል። ስለዚህ ማሸት እንጂ ማርጠብ ብቻ አይበቃም። መዳፍን፣ የእጅን ጀርባ፣ የጣቶችን መሐል፣ አውራ ጣትንና የጥፍርን ሥር ቢያንስ ለ20 ሰከንድ ማሸት፣ በሚፈስ ውኃ ማለቅለቅና በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ ያስፈልጋል። የውኃው ሙቀት ተዋስያንን በማስወገድ ረገድ ልዩነት አያመጣም። ሆኖም በብርድ አገር ሰው እንዳይሰለች ምድጃ ላይ ለብ ያለ ውኃ ማኖር ተግባራዊ መፍትሔ ነው። ጥፍር ማሳጠር፣ በሥራ ጊዜም ቀለበት ማውለቅ ይረዳል።

ሳሙና በጠፋ ጊዜ ንጹሕ አመድ በውኃ ተጠቅሞ ማሸት ካለመታጠብ ይሻላል፤ ቋሚ ምትክ ግን አይሆንም። እንዶድ ከጥንት ጀምሮ ለልብስ ማጠቢያ የኖረና ለጋቢና ለነጠላ የሚያገለግል ቢሆንም ለቁስልና ለዓይን አካባቢ አይሆንም። የአልኮል መጠኑ 60 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ ሳኒታይዘር እጅ በዓይን የሚታይ እድፍ ከሌለበት ይሠራል። እጅ ሰገራ ወይም ደም ከነካው ወይም በቤቱ ተቅማጥ ካለ ግን ሳሙናና ውኃ የግድ ነው። የቤት አረቄ የአልኮል መጠኑ አነስተኛ ስለሆነ ሳኒታይዘርን አይተካም። ሳኒታይዘር የተቀባ እጅ ሳይደርቅ ወደ እሳት መቅረብም አደገኛ ነው።

ጓንት እጅ መታጠብን አይተካም። በአንድ ጓንት ሰገራ ጠርጎ በዚያው ቁስል መንካት ባዶ እጅ ከመጠቀም አይሻልም። ጓንት ከመልበስ በፊትና ካወለቁ በኋላ መታጠብ ይገባል፤ አንድ ጊዜ ያገለገለም አጥቦ ደግሞ መልበስ አይገባም።

ደም፣ ትውከት ወይም ተቅማጥ የነካው ወለልና ዕቃ አስቀድሞ ተጠርጎ በበረኪና ውኃ ይጸዳል። ማሸጊያው ላይ 5 በመቶ ክሎሪን የሚል በረኪና ከሆነ አንዱን እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውኃ ጋር ማዋሐድ 0.5 በመቶ ጥንካሬ ያለው ማጽጃ ይሰጣል። ውሕዱ በየቀኑ አዲስ መዘጋጀት አለበት፤ ለገላና ለእጅ አይሆንም፤ ከሌላ የመጸዳጃ ቤት ኬሚካል ጋር ከተቀላቀለም መርዛማ ጋዝ ያወጣል። የአረጋዊው ልብስና አንሶላ ለብቻው ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። በቤቱ እከክ ካለ ሁሉም የቤተሰቡ አባል በአንድ ጊዜ መታከም ይኖርበታል፤ አንዱን ብቻ ማከም በሽታውን መልሶ መጋበዝ ነው።

ከእጅ ንጽሕና ጎን ለጎን ሁለት ቀላል ሥራዎች አይዘንጉ። የአልጋ ቁራኛ የሆኑትን በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ የመኝታ ቁስልን ይከላከላል። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ስትሞቅ አረጋዊውን ሸፍኖ በርና መስኮት መክፈትም የታፈነውን አየር ያወጣል።

የውኃ ሒሳብ

ውኃ ሳያቀርቡ ታጠቡ ማለት ፍትሐዊ አይደለም። ስለዚህ ሒሳቡን በግልጽ ማስቀመጥ ይገባል። አንድ ጊዜ ለመታጠብ ግማሽ ሊትር ገደማ ውኃ ቢያስፈልግ በቀን 12 ጊዜ የምትታጠብ አስታማሚ 6 ሊትር ትጠቀማለች። ይህም 20 ሊትር ከሚይዘው ጀሪካን ከሲሶ ትንሽ ያነሰ ነው። ከምንጭ በጀርባዋ ተሸክማ ለምትወጣ ሴት ስድስት ሊትር ቀላል አይደለም፤ ለአንድ አረጋዊ ሕይወት ጥበቃ ግን ሊሟላ የማይችል መጠንም አይደለም።

ለማዕከል ሲሆን ሒሳቡ ይለወጣል። ስድስት ተንከባካቢዎች ያሉት ማዕከል እያንዳንዳቸው በቀን 40 ጊዜ ቢታጠቡ ለእጅ ንጽሕና ብቻ በየቀኑ 120 ሊትር ይፈልጋል። ይህን በእንስራና በጀሪካን ማሟላት ስለማይቻል የውኃ መሥመር ወይም የውኃ ማጠራቀሚያ ታንከር ሳይኖር ማዕከል መክፈት አረጋውያንን ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

በቤት ደረጃ ውኃ ለመቆጠብ ትንሽ ቀዳዳ የተበጀለት፣ በእንጨት ላይ ተንጠልጥሎ በእግር በሚረገጥ ገመድ የሚዘነብል ጀሪካን ጥሩ መላ ነው። እጅ ጀሪካኑን ስለማይነካው ንጹሕ ይሆናል፤ ውኃውም በጥቂቱ ይወርዳል። ዕድሮች፣ ማኅበሮችና ሰንበቴዎች አባላቸው ሲሞት ድንኳን ተክለው ዕቃ እንደሚያቀርቡ ሁሉ አባላቸው በሕይወት እያለ የሚያስታምምን ቤት ጀሪካን፣ ሳሙናና ጓንት ቢያግዙ፣ ውኃም ተራ ገብተው ቢቀዱ ትልቅ ሸክም ይቀልላል። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" የሚባለው ለዚህ ነው።

ማዕከላት ምን ይጠበቅባቸዋል?

ጧሪና ቀባሪ ያጡ ወገኖች ቁጥር በከተሞች እየጨመረ ነው። ወጣቶች ለሥራ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ወደ አዲስ አበባና ወደ ውጭ አገር ሲሄዱ በገጠር የቀሩ ወላጆች ብቻቸውን ይሆናሉ። በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራውን የጀመረው የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖችን እስከማቀፍ መድረሱ የፍላጎቱን ስፋት ያሳያል። እንዲህ ያሉ ተቋማት የሚሠሩት ሥራ የተመሰገነ ነው። ብዙ አረጋውያን በአንድ ጣሪያ ሥር ሲሰበሰቡ ግን የአንዱ ተቅማጥ፣ እከክ ወይም ሳል በጥቂት ቀናት የሁሉም ሊሆን ስለሚችል ንጽሕናን ለበጎ ፈቃድ ብቻ መተው አይቻልም።

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት የኢኮኖሚ አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአረጋውያንና ያለ ወላጅ ለቀሩ ሕፃናት እንክብካቤ እንዲያደርግ ይደነግጋል። በመሆኑም ጉዳዩ የምጽዋት ብቻ ሳይሆን የመብትም ነው። ወላጅዎን ወይም ዘመድዎን ወደ ማዕከል ከማስገባትዎ በፊት የሚከተሉትን መጠየቅ ይችላሉ፤ መጠየቅም ይገባዎታል።

• ማዕከሉ በሕግ ተመዝግቧል? ከየትኛው ጤና ጣቢያ ጋር ይሠራል?
• በየክፍሉ ወይም በየክፍሉ አቅራቢያ ውኃና ሳሙና ያለው መታጠቢያ አለ? ውኃ ሲቋረጥ ምን ያደርጋሉ?
• አዲስ የሚገባ አረጋዊ ለሳንባ ነቀርሳና ለቆዳ በሽታ ይመረመራል?
• ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ያለበት ሰው የሚለይበት ክፍል አለ?
• ፎጣ፣ ምላጭና የጥፍር መቁረጫ የየራሳቸው ነው?
• ተንከባካቢዎች ሲታመሙ ደመወዛቸው ሳይቆረጥ ያርፋሉ? ደመወዙን ፈርቶ ሳሉን የሚደብቅ ሠራተኛ ለሁሉም አደጋ ነው።

ለእነዚህ ጥያቄዎች በቀናነት መልስ የሚሰጥ ማዕከል ጉድለት ቢኖርበትም ሊታረም የሚችል ነው። ጥያቄው ራሱ የሚያስቆጣው ማዕከል ግን ሊያሳስብዎ ይገባል።

ምን አገልግሎት የት ይጠየቃል?

በጤና ኬላ፦ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ንጽሕናንና የአካባቢ ጤናን ከዋና ተግባሮቹ አንዱ አድርጎ ይዟል። በቤትዎ የአልጋ ቁራኛ አረጋዊ ካሉ የቀበሌዎን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ቤትዎ መጥታ የመታጠቢያውን፣ የመጸዳጃውንና የመኝታውን ሁኔታ እንድታይልዎ መጠየቅ ይችላሉ።

ከሆስፒታል ሲወጡ፦ የመውጫ ወረቀት ከመቀበልዎ በፊት ቁስሉ በየስንት ቀኑና እንዴት እንደሚጸዳ፣ የሽንት ቱቦው መቼ እንደሚለወጥ፣ ምን ምልክት ሲታይ መመለስ እንዳለብዎ ነርሷ አሠርታ እንድታሳይዎ ይጠይቁ። መስማት ብቻ አይበቃም፤ አስታማሚው በባለሙያዋ ፊት አንድ ጊዜ ራሱ ቢሠራው ይመረጣል። የታዘዘ ፀረ ተዋስያን መድኃኒት ቢሻልም እስከ መጨረሻው መወሰድ አለበት፤ የጎረቤትን ትርፍ መድኃኒት መስጠት ግን ተዋስያኑን መድኃኒት እንዲለምዱ ያደርጋል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን፦ አረጋዊ ወላጆችን በመድኅኑ ማስመዝገብ ይቻላል። መክፈል ለማይችሉ ቤተሰቦች መዋጮው በመንግሥት የሚሸፈንበት አሠራር ስላለ በቀበሌዎ ያመልክቱ። ሕክምና የሚጀመረው ከጤና ጣቢያ ነው፤ ሪፈር ሳይጻፍ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል መሄድ ለተጨማሪ ወጪ ሊዳርግ ይችላል።

ማኅበራዊ ድጋፍ፦ የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በሚተገበርባቸው ወረዳዎች ሠርቶ የሚያድር ጉልበት የሌለባቸው የአረጋውያን ቤተሰቦች የቀጥታ ድጋፍ ተጠቃሚ ሊሆኑ ይችላሉ። ልየታው የሚካሄደው ማኅበረሰቡ ባለበት በመሆኑ የተረሳ አረጋዊ ካለ ለቀበሌ ማሳወቅ የጎረቤት ኃላፊነት ነው።

ጥቆማ፦ በአንድ ቤት፣ ማዕከል ወይም መንደር ሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎች በአንድ ጊዜ ተመሳሳይ ተቅማጥ፣ ትኩሳት ወይም የቆዳ በሽታ ከታየባቸው ለጤና ኬላው ወይም በነፃ የስልክ መሥመር 952 ወይም 8335 ያሳውቁ። ቀድሞ ማሳወቅ ማንንም አያስጠይቅም፤ "ሳይቃጠል በቅጠል" ነው።

ማጠቃለያ

የዓለም የእጅ ንጽሕና ቀን በየዓመቱ የሚታሰበው ሚያዝያ 27 ቀን ነው። ዕለቱ በአገራችን የአርበኞች የድል በዓልም ነው። በመንዝና በአካባቢው ጫካ ገብተው የታገሉ አርበኞችን ትዝታ ያቆዩልን፣ ታሪካቸውንም በየቤቱ ያወረሱን አባቶችና እናቶች ዛሬ በየጓዳው በሰው እጅ የሚጦሩ አረጋውያን ናቸው። በዚያ ቀን ለሚነገረው ምስጋና ተገቢው ማረጋገጫ በቀረበላቸው እጅ ንጽሕና ይታያል።

የጤና ተቋማት ደንባቸውን እስከ ሕመምተኛው ቤት ሊያደርሱ፣ ወረዳዎች ውኃ ሊያቀርቡ፣ ማዕከላት በራቸውን ለጥያቄ ሊከፍቱ ይገባል። እስከዚያው ግን አስታማሚዋ ብቻዋን አይደለችም፤ የምትጠይቀው ባለሙያ፣ የምታመለክትበት ቀበሌና የሚያግዛት ዕድር አላት። ዛሬውኑ በአረጋዊዎ አልጋ አጠገብ አንድ ጀሪካን ውኃና አንድ ሳሙና ያኑሩ። ቀጥለውም ለቀበሌዎ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በቤትዎ አረጋዊ እንዳሉ ያስታውቁ።